የወዳቂዎቹ ጠበቃ

የሙክታርን ሞት የነገረችኝ ዘሃራ ናት። ድሮ ፋብሪካ ሳለን ከስፌት መስመሩ ጫፍ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክል ነበር፤ አሁን ከዚራ ሰፈር አንድ ግቢ በር ላይ ማሽኗን ዘርግታ ልብስ ታስተካክላለች። እኔ ከዛፉ ጥላ ሥር ባጃጅ እየጠበቅሁ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ጠራችኝና ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ «ሙኬን ሰማህ?» አለችኝ። ምኑን እንደምሰማ ስጠይቃት «ትናንት ዋሂል ላይ ቀበሩት» አለች።

«የትኛውን ሙኬ?» አልኳት። እኔ የማውቀው ሙኬ አንድ ብቻ ነው። ግን ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲመጣበት ሌላ ሙኬ ፈልጎ ሞቱን ሊያሸክመው ይሞክራል። ዘሃራም ስለገባት አልተቆጣችኝም። «የኛው ነዋ፣ የሬስሊንጉ» አለችኝ፤ ከዚያ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ማልቀስ ጀመረች። ባጃጁ መጣ፤ ባለባጃጁ ጥቂት ጠበቀኝና ሄደ።

«የሬስሊንጉ» ሲባል ደረቱ የተነፋ፣ ክንዱ የፈረጠመ ሰው የሚመጣበት አይጠፋም። ሙክታር አጭር፣ ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ጺሙን ሂና የሚቀባ፣ ሲስቅ ድምፁ ሳይወጣ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ የአርባ ምናምን ዓመት ሰው ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል አብረን ሠርተናል። የተሰፋውን ካርቶን ውስጥ እናሽጋለን፤ ካርቶኑን ለሁለት አንስተን መኪና ላይ እንጭናለን። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ይበልጠኛል። ሌላ አገር ብንሆን ጋሼ እለው ነበር። ድሬ ላይ ግን አንቱ ያልከው ሰው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ይደነግጣል፤ ስለዚህ ለእኔም እንደ ሁሉም ሰው ሙኬ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት ጠዋት ሰርቪስ ላይ ነው። አዲስ ገብቼ ሰው አላውቅም። ከፊቴ የተቀመጡ ልጆች ስልክ ላይ ሬስሊንግ ከፍተው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አንዱ ባለ ወርቃማ ሱሪ ግዙፍ ሰውዬ ሌላውን ከአናቱ በላይ አንስቶ ሲወረውረው ሁሉም «ኡ!» አሉ። ከኋላዬ አንድ ሻካራ ድምፅ «ዋሪያ፣ የጣለውን ምን ታያላችሁ? የወደቀውን እዩት እንጂ!» አለ። ዞር ስል ሙክታር ነው፤ በአንድ እጁ ፈጢራ ይዟል፣ በሌላው ስልኩን ያመለክታል።

እኔ ያኔ ሁሉን አውቃለሁ የምል ሰው ነበርኩ። «ይሄ እኮ ውሸት ነው፤ አስቀድመው ተነጋግረው ነው የሚጣጣሉት» አልኩ። ሰርቪሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ ሙክታር ዞሩ፤ የሚሆነውን ያውቁታል። እሱ ፈጢራውን አላምጦ ዋጠና፣ «አቦ! ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ አባት የምሰጠው ልጅ የለኝም የሚለው የምሩን ነው?» አለኝ።

«አይደለም።»

«ተነጋግረው አይደል?»

«ነው።»

«ሠርጉ ላይ ግን ታለቅሳለህ አይደል?»

ሰርቪሱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጠገቡ ቦታ ይይዝልኝ ጀመር።

ሙክታር ስለ ሬስሊንግ የነበረው አስተያየት ከሰው ሁሉ የተገለበጠ ነው። የተፋላሚዎቹን የፈረንጅ ስም አያውቅም፤ ማወቅም አልፈለገም። ስም የሚያወጣላቸው ራሱ ነው። ያንን ሁሉም የሚያደንቀውን ጀግና «ወርቅ ሱሪ» ይለዋል፤ ሲጠራው ከንፈሩን ይነፋል። የሱ ሰው «ዳቦው» ነበር። ዳቦው ነጭ፣ ክብ፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ በየሳምንቱ የሚሸነፍ ሰው ነው። መጥቶ ይወድቃል፣ ተነስቶ ይሄዳል፤ ስሙን ጠርቶ የሚያጨበጭብለት የለም። «ዳቦው ባይወድቅ ወርቅ ሱሪ ማነው?» ይለናል ሙክታር። «ሱሪ የለበሰ ሰው ነው። ሱሪ ደግሞ እኔም ለብሻለሁ።»

ሌላው የሚያከብረው «ታማኙ» ያለው ሰው ነበር። ታማኙ አንድ ጊዜ ግራ ጉልበቱን ተመትቶ እያነከሰ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣም የሚያነክሰው በግራው ነው። በሦስተኛው ሳምንትም ግራውን። ሙክታር ይህን ሲያወራ ዓይኑ ይረጥባል ብል አልዋሸሁም። «ወርቅ ሱሪ እኮ በቀኙ አንክሶ ገብቶ በግራው አንክሶ ይወጣል። ሰውን ይንቃል ማለት ነው። ታማኙ ግን እኔ ቤቴ ተቀምጬ እንደማስታውስ ያውቃል።» ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲፋለሙ ከገመዱ ውጪ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ አንድ ቀጭን ሰው ነበረ። ግጥሚያው ውስጥ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይገባም። ሙክታር ግን ስለዚያ ሰው እጅ ብቻ ከፓርኩ በር እስከ ሳቢያን ድረስ ሊያወራ ይችላል፤ ጓደኛው ተደብድቦ ወደ ጥጉ ሲሳብ ያ ሰው እጁን እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ጣቶቹ ሊደርሱ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ። «ማንም አያየውም» ይላል። «ካሜራው እንኳ አያየውም፤ ጥግ ላይ ነው። እሱ ግን ይዘረጋል።»

እሁድ ከሰዓት ቤቱ እንሰበሰብ ነበር። ቤቱ ከቀፊራ ገበያ በታች ነው። ፍራሽ ላይ ተጋድመን፣ ጫቱ ተዘርግቶ፣ ስክሪኑ መሃል ለመሃል በተሰነጠቀው ቴሌቪዥኑ ከፍላሽ ያሳየናል። ሪሞቱን ከሱ በቀር ማንም አይነካም። አንዲት አወዳደቅ ሰባት ጊዜ ይመልሳል፤ ሲወድቅ፣ ሲነሳ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሳ። ልጁ ሂክማ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የምታጠና መስላ በጎን ታያለች። «አባባ፣ እሱ ታማኙ አይደለም፤ ታማኙ ፀጉሩን ወደ ቀኝ ነው የሚያስተኛው» ትለዋለች። ያን ጊዜ ሙክታር ዓለም የሱ ትሆናለች። «ሰማችሁ?» ይለናል። «ሰማችሁ ይቺን ልጅ?»

ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣው የነገረን በአንዱ እሁድ ነው። ልጅ ሳለ ደቻቱ ወንዝ ዳር አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። አንዱ ካሴት አልቆ ሌላው እስኪገባ ተመልካቹ ተነስቶ እንዳይሄድ ባለቤቱ የሰፈሩን ልጆች ጓሮው ውስጥ ያፋልማል። ሌሎቹ መጣል ብቻ ነው የሚፈልጉት። ሙክታር መውደቅ ይችልበት ነበር፤ ስለዚህ እሱ ወዳቂ ሆነ። ስድስት ዓመት ወደቀ።

«አንድ ቀን እንኳ አላሸነፍክም?» አልኩት።

ትከሻው ሳቀ። «ማን ይውደቅልኝ?» አለ። «ከኔ ሌላ መውደቅ የሚያውቅ አልነበረማ።»

አስተምረኝ ያልኩት ያን ቀን ነው። ለቀልድ ነበር ያልኩት፤ እሱ ግን የምሬን ወሰደው። በሚቀጥለው እሁድ ማለዳ ደቻቱ አሸዋ ላይ ተገናኘን። ወንዙ ደርቆ አሸዋው ገና አልጋለም። አገጭን ደረት ላይ መለጠፍ፣ መሬት ከመንካት በፊት ትንፋሽን ማውጣት፣ በክንድ ሙሉ አሸዋውን መምታት አስተማረኝ። ወር ሙሉ ወደቅሁ። ጀርባዬ ቆሰለ፤ አሸዋ ከጆሮዬ እስከ ረቡዕ ይወጣል። ሙክታር ግን አልቸኮለም። «ከባዱ መውደቅ አይደለም» ይለኛል። «መውደቅን ማንም ይለምደዋል። ከባዱ ሰው እያየህ መውደቅ ነው። እዚህ ማንም አያይህም፤ ስለዚህ ገና አልወደቅክም።» ያኔ ነገሩ እንዲሁ የመምህር ማስፈራሪያ መሰለኝ።

ከሁሉ በላይ አጥብቆ ያስተማረኝ ግን የእጅ ምልክቱን ነው። ሁለት ተፋላሚዎች ሲተናነቁ አንዱ የሌላውን የእጅ አንጓ ይይዛል። ሁለት ጊዜ ጫን ጫን ካደረገው «ዝግጁ ነህ?» ማለት ነው። ወዳቂው አንድ ጊዜ ይመልሳል፤ «ዝግጁ ነኝ» ማለት ነው። መልሱ ሳይመጣ መጣል አይቻልም። «ሰውየው አንገቱን ሰጥቶሃል፤ አደራ ነው» ይላል። «አደራ ደግሞ አይበላም።» ይህንኑ ምልክት ሥራ ላይም አመጣነው። ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ አፍ ቢከፈት አይሰማም፤ ካርቶኑን ለሁለት ስንይዝ ሙክታር ከሥር እጄን ፈልጎ ሁለቴ ጫን ያደርጋል፣ እኔ አንዴ እመልሳለሁ፣ ካርቶኑም ይነሳል። አንድም ቀን ካርቶን ወድቆብን አያውቅም።

ከዚያ የሠራተኞች ቀን መጣ። አስተዳደሩ ቤተሰቦቻችንን ይዘን እሁድ ግቢው ውስጥ እንድንዝናና ፈቀደ፤ ዘፈንም ጨዋታም ያላችሁ አዘጋጁ ተባለ። ዘሃራ «ሙኬና ብሩኬ ሬስሊንግ ያሳዩን» አለች፤ ብሩኬ እኔ ነኝ፤ አለቀ። የስፌቶቹ ሴቶች ከማዳበሪያ ከረጢት ትልልቅ ፍራሽ ሰፍተው በብጣሽ ጨርቅ ሞሉልን። የካርቶን ማሰሪያውን ፕላስቲክ ገምደን አራት ምሰሶ ላይ ወጠርነው። የጥበቃው ሰው ዳኛ ሊሆን ተስማማ፤ ፊሽካ አለው።

የመጨረሻው ልምምድ ሲያልቅ ሙክታር አሸዋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያራግፋል። ዘወትር የሚናገረውን በቀጥታ የሚናገር ሰው ያን ቀን ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ጀመር። «ሂክማ ትመጣለች» አለኝ።

«ጥሩ ነዋ።»

«ያ ቪዲዮ ደርሷታል።»

ቪዲዮውን አውቀዋለሁ። አንዱ ከድልድዩ ላይ ሆኖ ስንለማመድ ቀርጾን ሰፈሩ ሁሉ ተቀባብሎታል። መርጦ የለጠፈው ሙክታር የሚወድቅበትን ብቻ ነበር፤ ከሥሩም የሳቅ ምልክት ደርድሮበታል። እኔም አይቼ ስቄአለሁ።

«ትምህርት ቤት፣ ወዳቂው አባትሽ ይሏታል» አለኝ። ጫማውን ገለበጠው፤ የሚወጣ አሸዋ ግን አልነበረውም። «እሷ ምንም አላለችኝም። እናቷ ናት የነገረችኝ። ዋሪያ ብሩኬ... አንዴ ብቻ። አንዴ እጄን ከፍ ሳደርግ ትየኝ። አሁን መውደቅ ታውቃለህ። ከዚህ በፊት የሚያውቅ ሰው አልነበረኝም።»

«በቃ አለቀ!» አልኩት። «ሦስቴ እጥልሃለሁ፣ በአራተኛው ትጥለኛለህ።»

«ማል።»

«እናቴ ትሙት።»

እናቴ በሕይወት አለች። እግዜር የኔን መሐላ ከቁጥር ሳያስገባው ቀርቶ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ግቢው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሂክማ ከፊት ካርቶን ላይ ተቀምጣለች፤ ለበዓል የተገዛላትን አረንጓዴ ሂጃብ አድርጋለች። ሙክታር ጺሙን አዲስ ሂና ተቀብቶ መጣ። ፊሽካው ተነፋ፣ ጀመርን።

አንደኛውን ስጥለው ሰው ሳቀ። ሁለተኛውን ስጥለው ጮኸ። ሦስተኛውን ስጥለው ሴቶቹ ባዶ በርሜል እየደበደቡ «ብሩኬ! ብሩኬ!» ማለት ጀመሩ። የጣልኩት እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፤ ሙክታር ራሱን ያነሳል፣ ራሱን ያዞራል፣ እኔ እጄን ብቻ ነው የማውሰው። ሰው ግን የሚያየው እኔን ነው። በዕድሜዬ ያን ያህል ሕዝብ ስሜን ጠርቶት አያውቅም። ሁልጊዜ የዚያኛው ልጅ ወንድም፣ የዚያኛው ክፍል ሠራተኛ የምባል ሰው ነኝ። ያን ቀን ግቢው ሙሉ ብሩኬ ነበር።

በአራተኛው ተናነቅን። ሙክታር አንጓዬን ያዘና ሁለት ጊዜ ጫን አደረገ።

ይህን በግልጽ ልጻፈው፤ እስካሁን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አልነገርኩትም። ምልክቱ ደርሶኛል። አልደነገጥኩም፣ ግራም አልገባኝም። እጄ ያውቀዋል፤ በቀን መቶ ጊዜ በካርቶን ሥር የምመልሰው ምልክት ነው። አልመለስኩም። ሙክታር ምናልባት አልተሰማውም ብሎ ይመስለኛል ጥቂት ጠብቆ እንደገና ሁለቴ ጫን አደረገ። አሁንም ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ንዴት አልነበረም። ካርቶን ከብዶኝ እንደሆነ ሊያይ ሲፈልግ የሚያየኝ አስተያየት ነበር። በርሜሉ ይደበደባል። እኔ እግሬን ፍራሹ ላይ ተክዬ ቆምኩ።

ከዚያ ሙክታር ወደቀ። እንዴት እንዳደረገው ዛሬም በትክክል አላውቅም። እጄን ሳይለቅ ራሱን በትከሻዬ ላይ አንስቶ፣ በአየር ላይ ዞሮ፣ በጀርባው ፍራሹን ሲመታ ብጣሹ ከከረጢቱ ስፌት ፈንድቶ ወጣ። ከቤቱ ቴሌቪዥንም ሆነ ከደቻቱ አሸዋ እንደዚያ ያለ አወዳደቅ አላየሁም። ሰው ሁሉ እኔ የወረወርኩት ነው የመሰለው። ዳኛው እስከ ሦስት ሲቆጥር አልተንቀሳቀሰም። ተነስቶ እጄን ከፍ ያደረገልኝ ራሱ ነው። ሂክማ ወዳለችበት በኩል አላየሁም፤ እስክንበተን ድረስ ያን ጎን ሳላይ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ፋብሪካው ሁሉ «ሻምፒዮን» ብሎ ተቀበለኝ። ሙክታርም ሰርቪስ ላይ ቦታዬን ይዞልኝ ነበር። ፈጢራውን ቆርሶ ሰጠኝ። ይቅርታ ለማለት ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ፈጢራውን አፌ ውስጥ አድርጌ ዋጥኩት። ማሸጊያ ክፍል ገብተን የመጀመሪያውን ካርቶን ያዝን። እጁን ጠበቅሁ። እጁ አልመጣም። ሙክታር በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት መሃል አንገቱን አስግጎ «አንድ! ሁለት!» ብሎ ጮኸና ካርቶኑን አነሳን። ከዚያን ቀን ወዲያ እጄን ይዞ አያውቅም። በቀን መቶ ጊዜ እየጮኸ ይቆጥራል፤ ድምፁ ከቀድሞውም ይበልጥ ሻከረ።

በሌላ በማንኛውም ነገር አልተለወጠም። ቤቱ ይጠራኛል፣ ያስቃል፣ ይከራከራል። ስለዚያ ቀን ላነሳ ስል ወሬውን እያዞረ ያመልጠኛል። አንድ ጊዜ ሰርቪስ ላይ «ሙኬ፣ የዚያን ቀን እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። እሱ «ቆይ፣ ዳቦውን ሳልነግርህ!» አለና ስልኩን አወጣ። ዳቦው ጡረታ ሊወጣ ነው፤ የመጨረሻ ግጥሚያው በገዛ ከተማው ነበር። የገጠመው ወርቅ ሱሪ ነው። ወርቅ ሱሪ እንደ ልማዱ ሲቀጠቅጠው ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ዳቦው እንደ ምንም አንስቶ ገለበጠው። ወርቅ ሱሪ በጀርባው ተዘርግቶ ሦስት ተቆጠረበት። የዳቦው ሚስት ከፊት ወንበር ተነስታ አፏን ይዛ ታለቅሳለች።

«ወደቀለት» አለ ሙክታር። «ያ ሁሉ ሰው እያየ ወደቀለት። እኔ ወርቅ ሱሪን ስንት ዓመት አማሁት፤ አላህ ዐውፍ ይበለኝ። ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ ስሙን በክፉ አላነሳም።» ሊነካካኝ ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የምሩን ተገርሞ ነው። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጪ አየሁ፤ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወገቡ እምቢ አለው። ሥራውን ትቶ ዋሂል፣ የባለቤቱ ዘመዶች ዘንድ ገባና ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ሲሄድ «በወር አንዴ እመጣለሁ» አልኩት። ዋሂል ሩቅ አገር አይደለም፤ ጠዋት ሄዶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። ሁለት ዓመት አልሄድኩም። በየዒዱ እደውልለታለሁ፤ «መቼ ነው የምትመጣው? ፍላሹ ሞልቷል እኮ» ይለኛል። በዚህ ሳምንት ሥራ ነው፣ በሚቀጥለው ሰው ታሞብኝ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን አፍሬ ነው። ይቅርታውን ይዤ መሄድ ነበረብኝ፤ ይቅርታው ደግሞ በዘገየ ቁጥር እየከበደ ሄደ። ብቻዬን የማላነሳው ካርቶን ሆነብኝ። ጨጓራ ነው ሲሉ ጉበት ሆነና ሙኬ ዘንድሮ አልቆየልኝም።

መርዶውን በሰማሁ ማግስት ከዘሃራ ጋር በሚኒባስ ዋሂል ሄድን። ወንዶቹ ከድንኳኑ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። «አላህ ሰብር ይስጣችሁ» ብዬ ተቀመጥኩ፤ ሻይ ሰጡኝ። ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። አብሬው ሠርቻለሁ ስላቸው «አሃ፣ ሻምፒዮኑ አንተ ነህ?» አሉ። ሱቅ ለመጣው ሁሉ «ድሬ ላይ አንድ ጓደኛ አለኝ፣ የሚያቆመው የለም» እያለ ያወራ ነበር አሉኝ።

ልነሳ ስል ዘሃራ ከሴቶቹ ክፍል በራፍ ጠራችኝ። ከኋላዋ ሂክማ ቆማለች። አድጋለች፤ ቁመቷ አባቷን አልፏል። በመዳፏ ፍላሹን ይዛለች።

«አባባ ለብሩኬ ስጪው ብሎኝ ነበር» አለችኝ።

ተቀበልኩ። አራት ዓመት ሙሉ ያልወጣልኝ ቃል እዚያ በራፍ ላይ፣ ሻይ በእጄ እንደያዝኩ ወጣ። «ሂክማ፣ የዚያን ቀን ማሸነፍ የነበረበት እሱ ነበር። ተነጋግረን ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

ፍላሹን ኪሴ ከተትኩ።

«ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ማሸነፍ ሲለማመድ የምወድቅለት እኔ ነበርኩ» አለች። «መጣሉንስ ያውቅበታል። እጁን ማንሳት ነበር የማይችልበት። ከፍ ያደርገውና ወዲያው ያፍራል፣ ያወርደዋል። እናቴ ትስቅበት ነበር።» እሷም ትንሽ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ብዙ አልቆየም። «ሦስቴ እጅህን ሲይዝህ አይቻለሁ። ምልክቱን ለኔም አስተምሮኛል።»

«ሂክማ...»

«ቤት ስንገባ ለምን አልወደቀልህም አልኩት። ረስቶት ነው አለኝ። ሰው ሲጨበጨብለት ጆሮው ይደፈናል፣ አትቀየሚው አለኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። ያንኑ የአባቷን አስተያየት ነው ያየችኝ። «ረስተኸው ነው?»

ሙክታር ሞቶም የምወድቅበትን ፍራሽ አንጥፎልኝ ሄዷል። ረሳሁት ብል እሷም ታምነኝ ነበር፤ እሱም እንድታመን አድርጎ ነበር ያሰናዳልኝ።

«አልረሳሁም» አልኳት።

ሂክማ ራሷን ነቀነቀች። «አባባም ያውቅ ነበር» አለችና የያዝኩትን ብርጭቆ ተቀብላኝ ወደ ውስጥ ገባች።